የግራው ጆሮ

ኪራሙ ላይ ክረምቱ ሲጠና መጀመሪያ የሚሄደው መብራት ነው። ቀጥሎ ኔትወርክ፣ ቀጥሎ መንገድ። ያን ሰሞን ሦስቱም ሄደው ነበር። እኔ ጋ የቀረው ሠላሳ አራት ፐርሰንት ባትሪ ያለው ስልክና ግራ ጆሮው የሞተ ማዳመጫ ነው። ማዳመጫውን የገደልኩት ራሴ ነኝ፤ ተኝቼበት። ስልኩ ውስጥ ደግሞ ነቀምት ሳለሁ ሙዚቃ የሚወድ አንድ ጓደኛዬ «ጊዜ ስታገኝ ስማው፤ ሰው ባለበት ግን አትስማው» ብሎ በብሉቱዝ የጫነልኝ ፋይል ነበር። ርዕሱ የሰው ስምና 7 ቁጥር ነው፤ ርዝመቱ ከአርባ ደቂቃ ያልፋል። በእኛ ቤት አርባ ደቂቃ የሚሄድ ነገር ስብከት ብቻ ስለሆነ እስከዚያች ሌሊት ድረስ አልከፈትኩትም ነበር።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ቀኙን ጆሮ ሰካሁና ጋደም አልኩ።

ድምፁ የመጣው ከሥር ነው። ወፍራም ነው፣ ዝግ ያለ ነው፤ በጨለማ ቤት ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚሄድ ሰው አንድ እርምጃ ይራመድና ቆም ይላል። ጥቂት እንደሄደ ከባድ ነሐስ አራት ኖታ ይጥልበታል። ዝም። እንደገና አራት ኖታ። ይህ ሰው መቼ ነው የሚዘፍነው እያልኩ ጠበቅሁ፤ አልዘፈነም። ድምፁ እየወፈረ፣ እየከበደ፣ ከበሮ እየገባበት ሄደ፤ እኔም መተኛቱን ተውኩት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል አንድ ሌላ ነገር የሰማሁ መሰለኝ፦ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጎረቤት ቤት የሚዘመር መዝሙር ዓይነት። ማዳመጫውን ነቅዬ አዳመጥኩ። ዝናብ ብቻ ነው። ጎረቤቶቻችን ከሄዱ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት የዘመረ ሰው የለም። መልሼ ስሰካው መዝሙሩ እዚያው ነው፤ ሩቅ፣ ስስ፣ ያልተቋረጠ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

ኪራሙን ከዜና የሚያውቃት ሰው በምን እንደሚያውቃት አላጣሁትም። ግድያና መፈናቀል ነው። ስለዚያ የሚጽፍ ሌላ ሰው አለ፣ ሊጽፍም ይገባል። እኔ የማወራው ስለ አንድ ሙዚቃ አሠራር ነው። ግን የጎረቤቱ ቤት ባዶ ባይሆን ኖሮ ማዳመጫውን ነቅዬ ባላጣራሁም ነበርና፣ ሁለቱ ነገሮች ጨርሰው የተለያዩ ናቸው ብዬ አልዋሽም።

ሥራው የአላን ፔተርሾን ሰባተኛ ሲምፎኒ ነው። ፔተርሾን እ.ኤ.አ. በ1911 ተወልዶ በ1980 ያረፈ ስዊድናዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ሲምፎኒውን የጻፈው በ1966 እና በ1967 ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሰማው ስቶክሆልም ላይ በጥቅምት ወር 1968 ነው፤ ኦርኬስትራውን የመራው ሥራው የተበረከተለት የሃንጋሪ ተወላጅ አንታል ዶራቲ ነበር። ብዙዎቹ ሲምፎኒዎች ሦስት ወይም አራት ክፍል አላቸው፤ በየመሀሉ አድማጩ ይስላል፣ ወንበሩ ላይ ይመቻቻል። ይህ አንድ ወጥ ነው። አንዴ ከገባህ የምትወጣበት በር መጨረሻው ላይ ብቻ ነው ያለው።

ነቀምት ስመለስ ሁለት ጆሮ ያለው ማዳመጫ ገዛሁ። ያኔ ነው ኪራሙ ላይ ምን እንደሰማሁ የገባኝ። ኦርኬስትራ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ቫዮሊኖቹ ከአድማጩ በግራ፣ ቼሎና ኮንትራባሱ በቀኝ ይሆናሉ፤ ቀረጻውም ያንኑ አቀማመጥ ይዞ ይመጣል። እኔ የሰማሁት እንግዲህ የቀኙን ወገን ነበር። ጨለማውን ብቻ። ግራው ወደ ቀኙ ሾልኮ የደረሰኝ የጭላንጭል ያህል ነው፤ ከግድግዳ ወዲያ የመሰለኝም ለዚህ ነው። የሰው ልጅ ግማሽ ሙዚቃ ሰምቶ ሌሊቱን ሙሉ ሊያስብበት ይችላል፤ ይህን ከራሴ አውቃለሁ።

ጨለማ ሙዚቃ መሥራት ብዙ አያስቸግርም። ድምፁን ዝቅ፣ ምቱን ዝግ፣ ቅኝቱን አሳዛኝ ማድረግ ነው፤ የድራማ ማጀቢያ የሚሠሩ ልጆች ከምሳ በፊት ይጨርሱታል። ጨለማን አርባ ደቂቃ ማቆየት ግን የተለየ ሙያ ነው። ዓይን ጨለማን ይለምዳል፣ ጆሮም እንዲሁ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ሐዘኑ እንደ ወንበር የቤት ዕቃ ይሆናል፤ አልፈኸው ትሄዳለህ። ፔተርሾን ከዚህ እንዴት እንዳመለጠ ለማወቅ ነው ደጋግሜ የሰማሁት፤ አንዳንዴ ግራውን ብቻ፣ አንዳንዴ ቀኙን ብቻ፣ ሆን ብዬ።

በመጀመሪያ አራቱን ኖታዎች ተከታተልኩ። ትሮምቦንና ቱባ የሚጥሏቸው ናቸው። ዜማ አይባሉም፤ መንገድ ላይ ማንም አያንጎራጉራቸውም። አያድጉም፣ አይዋቡም፣ አዲስ ነገር አይናገሩም፤ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ወለጋ ውስጥ ጎጆ ሲሠራ መሀል የሚተከለውን ምሰሶ በኦሮምኛ ኡቱባ እንለዋለን። ቤቱ ሲያልቅ እንግዳ የሚያየው ምድጃውን፣ መደቡን፣ የተሰቀለውን ሁሉ ነው፤ ኡቱባውን ልብ የሚለው የለም፤ ጣሪያው ግን ያረፈው በእሱ ላይ ነው። አራቱ ኖታዎችም እንደዚያ ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ሲፈርስ፣ ሲሠራ፣ እንደገና ሲፈርስ እነሱ ባሉበት ናቸው።

ጥበቡ ያለው ግን በመደጋገሙ አይደለም። መደጋገም ማንም ይችላል። መጀመሪያ ሲመጡ ያስፈራሉ፤ በር የሚደበድብ ሰው ይመስላሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ኦርኬስትራው በሙሉ ሲጮህና ከበሮው ሲንጫጫ፣ በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ የምታውቃቸው እነሱን ብቻ ነው። ሲመጡ ትንፋሽህ ይመለሳል። በኋላ ሲቀሩ ደግሞ ይናፍቁሃል። የሚያስፈራን ነገር፣ አንድም ኖታ ሳይለውጥ፣ የምትይዘው ነገር አድርጎ ሰጠህ ማለት ነው። መቼ እንዳደረገው ለመያዝ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። ድንበሩን አላገኘሁትም።

ሌላው የመሀሉ ድምፅ ነው። ፔተርሾን ራሱ ከአሥር ዓመት በላይ በስቶክሆልም ኦርኬስትራ ቪዮላ ተጫውቷል። ቪዮላ የቤቱ መካከለኛ ልጅ ነው፤ ከቫዮሊን ይወፍራል፣ ከቼሎ ይቀጥናል፣ ዜማው ሲታደል የሚደርሰው ጥቂት ነው። ቪዮላ የያዘ ሰው ግን የሚቀመጠው በኦርኬስትራው ሆድ ውስጥ ነው፤ ኮንሰርቱን የሚሰማው ወጥ ቤት ተቀምጦ ድግሱን እንደሚሰማ ሰው ነው። ማን እንደደከመ፣ ማን እንደሚደግፍ፣ ድስቱ ሥር ምን እንዳለ ያውቃል። በሰባተኛው ውስጥ ነሐሶቹ ሲያጓሩ የመሀሎቹን ክሮች ስማቸው። አያርፉም፤ ማንም እንደማይሰማቸው እያወቁ ይሠራሉ። ጩኸቱ ባዶ ጩኸት የማይሆነው በእነሱ ነው። ብዙ ጯሂ ሙዚቃ ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው ከፊት ግድግዳ አለው፣ ከኋላው ግን ቤት የለውም።

ከዚያ ጩኸቱ ይሰክናል። ሥራው ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ ነው። ድምፁ ይሳሳል፣ መሣሪያዎቹ ዝም ይላሉ፣ ክሮቹ ብቻ ይቀራሉ። ቫዮሊኖቹ ረጅም፣ ለስላሳ፣ እጅግ ግልጽ የሆነ ዜማ ይጀምራሉ። ኪራሙ ላይ ከግድግዳ ወዲያ የሰማሁት መዝሙር ይህ ነበር።

ይህን ቦታ በቅርብ ላሳይ፤ የምወደው ቦታ ነውና። ዜማው መዝሙር ይመስላል፣ ግን የማንም መዝሙር አይደለም። መዝሙር ስንኙ ሲያልቅ ያርፋል፤ ጉባኤው ይተነፍሳል፣ አሜን ይባላል። ይህ ወደ አሜኑ ይቀርባል፣ ደረሰ ስትል ሌላ ድምፅ ከሥሩ ተነስቶ ይቀበለዋል፣ ዜማውም ገና አንድ ደረጃ ይወጣል። ቸኩሎም አይደለም። የደከመ ሰው ወንበር ሲሰጡት «ትንሽ ልቁም» እንደሚለው ነው። ለብዙ ደቂቃዎች እንዲህ ይሄዳል። ከሥሩ ደግሞ በቀኝ ጆሮ ባሶቹ እርምጃቸውን አላቆሙም። ብርሃኑ ጨለማውን አላባረረውም፤ ላዩ ላይ ተቀመጠበት እንጂ። ግራውን ብቻ ብትሰማ ሰላም ነው፤ ቀኙን ብቻ ብትሰማ ጉዞው እንደቀጠለ ነው። ሁለቱን በአንድነት ስሰማ ግን እኔ ቃል አጣለሁ።

ወደ መጀመሪያው ተመልሼ ግራውን ለብቻው ስሰማ ሌላ ነገር አገኘሁ፤ ለእኔ ጆሮ እንደዚህ ነው፣ ሊቃውንቱ ይቆጡኝ። የዚያ ረጅም ዜማ ፍርፋሪ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተበትኗል። እዚህ ሁለት ኖታ ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ ትታፈናለች፤ እዚያ ሦስት፣ ትቀጠቀጣለች። መዝሙሩ ሲመጣ እንግዳ አይደለም። እስከዚያ ድረስ አፉን ሲከፍት የተመታው ያው ሰው ነው፣ አሁን እስከ መጨረሻው እንዲናገር የተፈቀደለት። እንባ የሚያመጣውም ይህ ይመስለኛል። ዜማው ለብቻው ተቆርጦ ቢቀርብልህ ቆንጆ ነው ብለህ ታልፋለህ። ሃያ ምናምን ደቂቃ ከፍለህበት ስትደርስ ግን ዋጋው ሌላ ነው።

ይህን አሠራር እኔ ከሲምፎኒ በፊት አውቀዋለሁ። ያወቅሁት ከአዳዳ ነው።

አዳዳ የአባቴ እህት ናቸው። ጌታን ከመቀበላቸው በፊት በአካባቢው ስማቸው የሚነሳ አስለቃሽ ነበሩ፤ ለቅሶ ሲደርስ ሰው የሚላክባቸው። በኋላ ሙሾውን ትተው መዘምራን ውስጥ ገቡ፣ ዛሬም በሁለተኛው ድምፅ ይዘምራሉ። ልጅ ሆኜ ቀሚሳቸውን ይዤ ለቅሶ ቤት ስሄድ የማየው ሁሉ ሐዘን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሥራ ነው። ጎበዝ አስለቃሽ ገና እንደመጣች ሰዉን አታስጮህም። የሞተውን ሰው በስም ጠርታ፣ ከበሬው፣ ከእርሻው፣ ከቀልዱ ትጀምራለች፤ ሰው ፈገግ እስኪል ድረስ። ቤቱ ሲሞቅ አንዲት ቃል ትወረውራለች፤ ዋይታው ይነሳል። ደረት ይመታል። ከዚያ ራሷ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ሰው እስከ ማታ መቆየት አለበትና። እፎይ ሊባል ሲል ከዳገቱ ሥር ከሩቅ አገር የመጡ አዳዲስ ለቀስተኞች ብቅ ይላሉ፣ ጩኸታቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ሁሉም እንደገና ከሀ ይጀምራል። እነዚያ ለቀስተኞች የፔተርሾን አራት ኖታዎች ናቸው። ለቅሶውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ሐዘኑ እንዳይለመድ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። አዳዳ አንድ ቀን ስለዚያ ዘመን ስጠይቃቸው «ቶሎ ያለቀሰ ቶሎ ይሄዳል» አሉኝ። የሲምፎኒ አጻጻፍ ትምህርት ቤት ይህን አጥርቶ የሚያስተምር አይመስለኝም።

ፔተርሾን ይህን ሙያ ከየት አመጣው? ከመንበረ ጥበብ አይደለም። ያደገው ሶደርማልም በሚባለው፣ ያኔ የስቶክሆልም ድሆች ሰፈር በነበረው ቦታ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ እኛ ጋ ቱምቱ እየተባለ ከሰው ሲገለል የኖረው ባለሙያ። ጠጪም ነበር። እናቱ ሃይማኖተኛ ሴት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ሰብስበው የመነቃቃት መዝሙሮችን ይዘምሩላቸው ነበር። ልጁ የገና ካርድ ሸጦ ባጠራቀማት ገንዘብ ቫዮሊን ገዛ። ኮንሰርቫቶሪ ገባ፣ ኦርኬስትራ ተቀጠረ፣ ፓሪስ ሄዶ እነ ሆኔገር ዘንድ ተማረ። ከዚያ በሽታ መጣ፤ መገጣጠሚያ የሚያጣምም፣ ጣት የሚያደርቅ ሩማቲዝም። ቪዮላውን አስቀመጠ። በመጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት እርሳስ መያዝ ራሱ ጭንቅ ሆኖበት ጻፈ፤ በ1970 በኩላሊት ሕመም ለወራት ሆስፒታል ተኝቶም መጻፉን አላቆመም። ከበሽታው በፊት፣ ከ1943 እስከ 1945 ባለው ጊዜ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የጻፋቸው 24 «የባዶ እግር መዝሙሮች» አሉት፤ ትንንሽ፣ የልጅ ዘፈን የሚመስሉ። በኋላ በሚጽፋቸው ትልልቅ ሥራዎች ውስጥ እየመለሰ ያስገባቸው ነበር። የሚፈልገው ነፍሱ አንድ ጊዜ የዘመረችውን ዜማ መልሶ ማግኘት እንደሆነ ተናግሯል። የእናቱን ድምፅ ማለቱ ይሁን ሌላ እሱ ያውቃል፤ እኔ ግን ግራውን ጆሮ ስሰማ ምድር ቤት የተቀመጡ አንዲት ሴት ይታዩኛል።

እዚህ ላይ ነው ወለጋና ሶደርማልም የሚገናኙት፤ በምኞት ያጣበቅሁት አይደለም። ስዊድንን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያጥለቀለቀው የመነቃቃት መዝሙር ሁለት ትልልቅ ስሞች አሉት። አንዷ ግጥሙን የጻፈችው ሊና ሳንዴል ናት፣ ሌላው ዜማ እየሰጠው ባለ አሥር ክር ጊታር ተሸክሞ አገር ያዳረሰው ኦስካር አንፌልት ነው። (አሥር ክር! እነዚያ ሰዎች በገና አይተው ቢሆን ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።) ሳንዴል በ1856 በተቋቋመው የስዊድን ወንጌላዊ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ትሠራ ነበር። ሚሲዮናውያንን ወደ ምፅዋ የላከው ይኸው ማኅበር ነው። በእነሱ እጅ ከተጠመቁት አንዱ ከኢሉባቦር በባርነት የተወሰደው ሂካ፣ በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባለው ሰው ነው። አምስት ዓመት ስቶክሆልም አጠገብ ተማረ። በ1880ዎቹ መዝሙር ወደ ኦሮምኛ መልሶ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1899 ደግሞ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አወጣ፣ አስቴር ጋኖ ከጎኑ ሆና። ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ መጡ፤ መጀመሪያ ቦጂ፣ ቀጥሎ ነቀምት። ኦኔሲሞስ በ1931 ነቀምት ላይ አረፈ። መዝሙሩ ግን አላረፈም፤ የአንገርን ቆላ ተሻግሮ፣ በጊዳ አያና በኩል፣ ወደ ዓባይ ቁልቁል እስከ ኪራሙ ደረሰ። አዳዳ ዛሬ በሁለተኛ ድምፅ ከሚዘምሩት ውስጥ የዚያ ወንዝ ውኃ አለ። የፔተርሾን እናት የዘመሩትም ከዚያው ወንዝ የተቀዳ ነው። አንደኛው ቅርንጫፍ ሲምፎኒ ሆነ፣ አንደኛው እኛ ቤት ደረሰ። እኔ በዚያ ዝናብ ውስጥ የጎረቤት መዝሙር የመሰለኝ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለ ፔተርሾን ክፉ የሚናገሩ አሉ፤ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ቁስሉን ያሳያል፣ ለራሱ ያዝናል ይሉታል። እውነት ነው፣ ከሲምፎኒዎቹ መካከል አድማጩን አንገቱን ይዘው የማይለቁ አሉ፤ እኔም ከጨረስኳቸው ያቋረጥኳቸው ይበዛሉ። ጠባዩም ቀላል አልነበረም። የስቶክሆልሙ ኦርኬስትራ ለአሜሪካ ጉዞ ይዞት የነበረውን ይህንኑ ሰባተኛውን ከፕሮግራሙ ሲያወጣው፣ ደራሲው ተቆጥቶ ሥራዎቹን በሙሉ እንዳይጫወቱ ከለከላቸው፤ ክልከላው ቆይቶ ነው የተነሳው። ቁጣው ይገባኛል። በሰባተኛው ግን ለራሱ የሚያዝን ሰው አልሰማም። ለራሱ የሚያዝን ሰው ልክ አያውቅም፣ እዚህ ደግሞ ያለ ልክ የገባ ነገር የለም።

የእኛዎቹ ሐዘንተኞች ሌላ መንገድ ነው የሚሄዱት። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ላይ ሲቀመጡ ሐዘናቸው ነጠላውን ተከናንቦ ነበር የሚወጣው፤ የግራ እጃቸው ይመላለስ፣ የቀኙ ያንጠባጥብ ነበር፣ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር። በገናም ያው ነው። በገና የሚሠራ ሰው በየክሩ ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁርጥራጭ ቆዳ ያስገባል፤ ክሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ ይርገበገባል፣ ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣል። በጾም ወቅት የሚያስለቅሰን ያች ቁርጥራጭ ቆዳ ናት። ፔተርሾን እንዚራውን ያስገባው በመቶ ሰው ኦርኬስትራ ሥር ነው። ትልቅነቱ ግራ ያጋባል እንጂ፣ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ንጹሕ ድምፅ ብቻውን አይታመንም፣ የሚነካው ነገር ያስፈልገዋል።

አጨራረሱን ብዙ ሰው የሚወደው በጸጥታው ነው። ቫዮሊኖቹ ወደ ላይ ወጥተው እዚያ ይቀራሉ፤ ከሥር አሮጌው ኡቱባ አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ እንደ ቀድሞው አይደበድብም፣ ይነካካል። ድል የለም። ከሩቅ የሚሄድ ሰው መብራት ኮረብታ ላይ እንደሚጠፋ ነው፤ መቼ እንደጠፋ አታውቅም፣ ማየት ግን አቁመሃል።

ለገና ኪራሙ ሄጄ ነበር። አዳዳ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የመርፌ ውድቀት ይሰማል። ጀበናው ፍም ላይ ነው። «ሁልጊዜ ይህን ሽቦ ሰክተህ የምትሰማው ምንድነው?» አሉኝ። ማስረዳቱ አሰነፈኝና ግራውን ጆሮ አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ ቀኙን እኔ ያዝኩ። ሽቦው አጭር ስለሆነ መደቡ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፦

«ይቺ ሴትዮ ማናት?»

«ሴትዮ የለችም አዳዳ። መሣሪያ ነው የሚጫወተው።»

«ዝም በል። ሴትዮ ናት። ለምን አያስጨርሷትም?»

ጩኸቱ ሲመጣ ፊታቸውን አኮማተሩ፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን ዘርግተው ጀበናውን ከፍሙ አወረዱ፤ ማዳመጫውን ግን አላወለቁም። መዝሙሩ ሲጀምር እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ትንሽ ቆይተው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዜማው ሥር፣ በሁለተኛው ድምፅ፣ ቃል የሌለው ነገር ያንጎራጉራሉ። አሜን የሚባልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አንጎራጉረው ጨረሱ፤ ዜማው ግን ሳያርፍ ሲወጣ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ጋ ምን ይላል?»

«መንገድ ነው፣ አዳዳ። ገና እየሄደ ነው።»

«እስቲ አምጣው።»

ተቀያየርን። የእኔን ቀኝ እሳቸው ወሰዱ፣ ግራው እኔ ጋ መጣ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አዬ» አሉ፣ «ይሄኛው ወንዱ ነው። እየሰማት ነው የሚሄደው።»

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ቡናው ቀዘቀዘ። አራቱ ኖታዎች መጨረሻው ላይ ሲመለሱ እኔ ጆሮ ውስጥ የነበረው ቫዮሊን ብቻ ነው፤ መመለሳቸውን ያወቅሁት ትከሻዬ ላይ የነበረው የአዳዳ ትከሻ ሲነቃነቅ ነው።